ትርፍ ነው ብላችሁ የቆጠራችሁት ብር

(ለአስመጪዎችና ለጀማሪ ነጋዴዎች አዲስ አበባ ላይ ያደረኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች በጽሑፍ ላክልን ስላሉኝ ብዙም ሳልነካካው እንዳወራሁት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። በስራ ሰዓት ሱቅ ለሰው አደራ ሰጥቶ መምጣት ቀላል ነገር አይደለም፣ ስለዚ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ፕሮግራሙ ላይ የቢዝነስ ስትራቴጂና ፋይናንስ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ እኔ ግን ይዤ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚወጣው። ባለፈው ዓመት አተረፍኩ ብላችሁ ሂሳብ የዘጋችሁበት ብር ዛሬ ያንኑ ዕቃ በዛው ብዛት መልሶ ያስገባላችኋል ወይ? ካስገባና ከዛ በላይ ከቀረ አትርፋችኋል። ካላስገባ ግን ኦዲተሩ ምንም ይበል ምን፣ ግብርም ክፈሉበት፣ የበላችሁት ካፒታላችሁን ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ላስታውስና ልለፍ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሄራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፣ በዛው ቀን የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ቦርድም ለአራት ዓመት የሚለቀቅ የ3.4 ቢሊየን ዶላር ብድር አጸደቀ። ከዛ በፊት በባንክ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በመጀመሪያው ቀን ንግድ ባንክ ወደ 74 አወጣው፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ 100ን አለፈ። ጥቁር ገበያው ግን ከዛ በፊትም ከ100 በላይ ነበር፣ ይሄን አትርሱ፣ ምክንያቱም ብዙ ዕቃ መርካቶ ውስጥ ድሮም የሚሸጠው በጥቁር ገበያው ሂሳብ ነው። የባንክ ዶላር ወረፋ ደርሶት በ57 ያስገባ ሰው እና ከየትም ከየትም ዶላር ለቃቅሞ ያስገባ ሰው ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተው አንድ ዋጋ ነበር የሚጠሩት። አንዱ በጣም ያተርፋል ሌላው እዛው ላይ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የንግድ ችሎታ ሳይሆን ወረፋው ነበር፣ ያ ነገር ለዓመታት በጣም ጎበዝ የሆኑ ልጆችን ከገበያ እንዳስወጣ አይቻለሁ፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

አሁን በባንክ ተመን ያስገባውን፣ ዋጋውንም በዛው ሂሳብ በታማኝነት ያወጣውን ሰው እንይ። የ10 ሺህ ዶላር ጎማ አስገባ እንበል። ቀረጥ፣ ትራንስፖርት፣ የሱቅ ኪራይ ለጊዜው ተዉት፣ ብንጨምረው ታሪኩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። በ57 ሲመታ 570 ሺህ ብር ነው የወጣበት። በ750 ሺህ ሸጠው። ትርፉ 180 ሺህ ነው፣ ከ30 በመቶ በላይ ማለት ነው፣ ማንም ሰው ጎበዝ ይለዋል። ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር) ከሆነ 30 በመቶ የትርፍ ግብር አለበት፣ 54 ሺህ ከፈለ። እጁ ላይ የቀረው 696 ሺህ ብር። አሁን ያንኑ ጎማ ሊያስገባ ባንክ ሲሄድ ዶላር 105 ሆኖ ጠበቀው። የ10 ሺህ ዶላሩ ዕቃ 1 ሚሊየን 50 ሺህ ብር ሆነ። ባለው 696 ሺህ ስንት ዶላር ነው የሚገዛው? ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ምናምን ዶላር። አያችሁ? 10 ሺህ ዶላር ይዞ ገባ፣ አተረፍክ ተባለ፣ ግብር ከፈለ፣ ከስድስት ሺህ ትንሽ ብልጭ ያለ ይዞ ወጣ። ሲሶው ካፒታሉ ሄዷል፣ ደረሰኝ ላይ ግን አንድም ቦታ ኪሳራ የሚል ነገር የለም።

ሂሳብ ባለሙያው ተሳስቶ አይደለም እንዲህ የሚሆነው። አይኤፍአርኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ዕቃ የሚመዘገበው በተገዛበት ዋጋ ነው ይላል፣ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይውጣ የሚለውን አሰራርም አይፈቅድም፣ ስለዚህ ዋጋ በፍጥነት በሚጨምርበት ሀገር አሮጌው ርካሽ ዕቃ ነው ከአዲሱ የመሸጫ ዋጋ ጋር የሚገናኘው፣ ትርፉ ያብጣል። ሪፖርቱ ለባንክና ለገቢዎች የሚሆን ሪፖርት ነው፣ ለውሳኔ ግን ሁለተኛ ወረቀት ያስፈልጋችኋል፣ ኤክሴልም ይሁን ደብተር፣ አንድ ዓምድ ጨምሩ፣ የተገዛበት ዋጋ አጠገብ ዛሬ ብገዛው ስንት ነው የሚል። በየሳምንቱ ሰኞ ሙሉት። ትልልቆቹ ዕቃዎች ብቻ ይበቃሉ፣ ሁሉንም ካላደረኩ ብላችሁ አትተዉት።

እዚህ ጋ አንድ ጋሼ እጅ አወጡ፣ መርካቶ የቆዩ ነጋዴ ናቸው፣ እንዲህ ነው ያሉኝ፦ «አንተ ዛሬ ብገዛው በሚለው ሽጡ ትላለህ፣ ያኔ ነሐሴ ላይ እንደዛ ያደረገ ሰው ሱቁ ታሸገበት እኮ፣ በአሮጌ ዋጋ የገባ ዕቃ ነው ለምን ጨመርክ ተባለ።»

ጋሼ ትክክል ነዎት፣ ጥያቄው ከባድ ስለሆነ ነው ጊዜ ወስጄ የምመልሰው። እውነት ነው፣ ተመኑ በተለቀቀ ሰሞን ያለአግባብ ዋጋ ጨምራችኋል፣ ዕቃ ደብቃችኋል ተብሎ ብዙ ሱቅ ታሽጓል። ሸማቹ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ደግሞ ንዴቱ ይገባችኋል፣ ደሞዙ ያው ነው፣ ትናንት መደርደሪያው ላይ በአንድ ዋጋ ያየው ዘይት ዛሬ ሌላ ዋጋ ሆኖ ጠበቀው፣ ዕቃው ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ምን ተፈጠረ ይላል። ነጋዴው ደግሞ ይሄን ዘይት ሸጬ በምን ልተካው ነው የሚለው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ የማምነው ግን ይሄ ነው፣ ነጋዴው የሚተካበትን ዋጋ እንዳይጠራ ከተከለከለ ዕቃው ለአንድ ዙር በርካሽ ይሸጣል፣ ከዛ በኋላ ግን ሱቁ ባዶ ነው፣ ባዶ ሱቅ ላይ ያለ ርካሽ ዋጋ ደግሞ ለደሞዝተኛው ምንም አያደርግለትም። በሌላ በኩል ነጋዴው በወሬ ብቻ፣ ገና ላልገባ ዕቃ፣ ገና ላልተቆረጠ ተመን ዋጋ እጥፍ ካደረገ ያ መተካት አይደለም፣ የሰው ጭንቀት መሸጥ ነው፣ ለዛም ነው ሕዝቡ ነጋዴ ሲባል ፊቱን የሚያጠቁረው። ማስረጃ ያዙ። ባንክ የሰጣችሁን የተመን ወረቀት፣ አቅራቢው የላከውን አዲሱን ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያውን፣ ፋይል አድርጉ፣ የንግድ ቢሮ ሰው ሲመጣ የሚታይ ነገር ይኑራችሁ። ዋጋውንም በአንድ ሌሊት ሳይሆን በየዙሩ ነው ማስተካከል፣ ደንበኛም ይለምደዋል።

ደሞ ዋጋ እንደፈለጋችሁ መጨመር የምትችሉበት ዕቃ አለ የማትችሉበትም አለ። የመኪና ፍሬን ሸራ ሲጨምር ሰው እያማረረ ይገዛል፣ ካልገዛ መኪናው ይቆማል። ሶፋ ሲጨምር ግን ለዓመት ያራዝመዋል። ስለዚህ ምን ልሽጥ የሚለው ጥያቄ ራሱ የስትራቴጂ ጥያቄ ነው፣ ወጪዬ ሲጨምር ደንበኛዬ አብሮኝ የሚቆምበት ዕቃ የቱ ነው ብላችሁ ስቶካችሁን አንድ በአንድ ዕዩት።

ወደ ቡና ልሂድ፣ ምክንያቱም የምንዛሪ ተመን የሰውን ስትራቴጂ እንዴት እንደሚያጣምም ከቡና የተሻለ ምሳሌ ሀገራችን ውስጥ የለም። ለረጅም ጊዜ ቡና ላኪዎቻችን ሀገር ውስጥ በውድ ገዝተው ውጭ በርካሽ ይሸጡ ነበር፣ እያወቁ፣ በኪሳራ። ለምን? ዶላሩን ፈልገው ነው። ቡናው ላይ የከሰሩትን በዛው ዶላር ብረት፣ ጎማ፣ መለዋወጫ አስገብተው እዛ ላይ ያወጡታል። በወረቀት ቡና ላኪ ናቸው፣ የሚኖሩት ግን በአስመጪነት ነው። ለነሱ ለየብቻ ስታዩት ሂሳቡ ልክ ነው፣ ለሀገሪቱ ግን ሁለት ጉዳት ነበረው፣ አንደኛ ቡና ብቻ የሚልክ፣ ጥራት ላይ የሚደክም፣ ከውጭ ገዢ ጋር ለዓመታት ስም የገነባ ላኪ ከነሱ ጋር ተወዳድሮ ቡና መግዛት አልቻለም፣ ሁለተኛ የውጭ ገዢው የኛን ቡና ከሚገባው በታች ማግኘት ለመደ።

ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ላኪው ካገኘው ዶላር 70 በመቶውን ለብሄራዊ ባንክ እንዲሰጥ ተደረገ፣ 10 በመቶ ለባንኩ፣ ለሱ 20 በመቶ ብቻ። በ2016ቱ ለውጥ ለብሄራዊ ባንክ የሚሰጠው ቀረና ላኪው ግማሹን ይዞ መቆየት ቻለ። 2016 ላይ 1.4 ቢሊየን ዶላር ገደማ የነበረው የቡና ገቢ 2017 ላይ ከ2.6 ቢሊየን አልፏል። ሁሉም በተመኑ ምክንያት ነው አልልም፣ የዓለም ቡና ዋጋ በዛ ሰሞን በጣም ተሰቅሎ ነበር፣ እሱ ትልቅ ድርሻ አለው። ግን እዚህ ውስጥ ቡና የሚልክ ካለ ይስማኝ፣ በኪሳራ ልኮ በኢምፖርት የማካካስ ስትራቴጂ የቆመው በባንኩና በጥቁር ገበያው ተመን ልዩነት ላይ ነው፣ ልዩነቱ እየጠበበ በሄደ ቁጥር መሬቱ ከስሩ ይከዳል። ቢዝነሳችሁ በየትኛው ክፍተት ላይ ነው የቆመው? ያ ክፍተት በአንድ መመሪያ ቢዘጋ ምን ይቀራችኋል? ይሄን ጥያቄ ቡና ላኪ ብቻ አይደለም መጠየቅ ያለበት፣ ሁላችሁም።

አሁን ስለ ጊዜ። ዋጋ ላይ ሁሉም ሰው ይከራከራል፣ ጊዜ ላይ ግን ማንም አያሰላም። ብራችሁ ከእጃችሁ ወጥቶ ተመልሶ እጃችሁ እስኪገባ ስንት ቀን ነው? ከቻይና የምታስገቡ ከሆነ ለአቅራቢው ቅድሚያ ከፈላችሁ፣ ዕቃው ተመረተ፣ መርከብ ላይ ተጫነ፣ ጅቡቲ ደረሰ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገባ፣ ተፈተሸ፣ ወጣ፣ 75 ቀን እንበል። መጋዘን ውስጥ 60 ቀን። በዱቤ ለክፍለ ሀገር ነጋዴ ሰጣችሁት፣ 45 ቀን። 180 ቀን ሆነ። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ብሩ የሚዞረው። በየዙሩ 20 በመቶ ብታተርፉ በዓመት 40 ነው። ጎረቤታችሁ ደግሞ ከሀገር ውስጥ ፋብሪካ ሳሙና ወስዶ በ8 በመቶ ብቻ ይሸጣል፣ ትስቁበታላችሁ፣ ግን በወር ከምናምን አንዴ ይዞራል፣ በዓመት ስምንት ጊዜ፣ 64 በመቶ ሆነ፣ እሱም ትርፉን መልሶ ሳያስገባበት ነው። ከዛ በላይ ደግሞ ተመን ሲቀየር የሱ ብር ለአንድ ወር ከምናምን ነው የሚጋለጠው የናንተ ለስድስት ወር። ቅድም ያየነውን የጎማ ነጋዴ የጎዳው ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ብሩ መንገድ ላይ እያለ ተመኑ ተቀየረ።

ዱቤ አትስጡ አልልም፣ መርካቶ ያለ ዱቤ አይሰራም። ግን ዱቤ ማለት እናንተ ባንክ ሆናችሁ ያለ ወለድ ማበደር ነው። በካሽ 100 ሺህ ያላችሁትን ዕቃ በሁለት ወር ዱቤም 100 ሺህ ካላችሁ፣ ለዱቤው ደንበኛ ቅናሽ አድርጋችሁለታል፣ ያውም ቶሎ ለሚከፍላችሁ ሰው ያላደረጋችሁትን። ሁለት ዋጋ ይኑራችሁ። ቀኑ ገና ያልደረሰ ቼክም ተቀብያለሁ ብላችሁ እንደ ካሽ አትቁጠሩ፣ ስንቅ የሌለው ቼክ ሰውየውን ሊያሳስረው ይችል ይሆናል፣ የእስር ቤት በር ግን ብራችሁን አይመልስም፣ ወዳጅነቱም እዛው ላይ ያበቃል።

አንዲት ልጅ፣ ልብስ ስፌት ያላት፣ እቁብስ አለችኝ። እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው፣ እቁብ በጣም የማከብረው ነገር ነው፣ መያዣ ሳይጠይቅ ስንቱን ሰው ያቋቋመ ነው፣ ባንክ ቤትና መሬት ያለው ሰው ብቻ ሲያይ እቁብ ሰውን ያያል። ግን ሂሳቡን እንስራው። ሃያ ሰው በወር 10 ሺህ፣ ዕጣው 200 ሺህ። መጀመሪያ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ። መጨረሻ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ አበደረ። የመጨረሻው ሰው ብር በአማካይ ወደ አስር ወር ነው ሰው ጋ የቆየው፣ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ እየጨመረ ከሆነ በዛ ሁሉ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 230 ሺህ ብር ገደማ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ እሱ ግን 200 ሺህ ነው የሚወስደው። 30 ሺህ ብር ማንም ሳይሰርቀው ሄደ። ገበያው ደግሞ ይሄን ያውቃል፣ ዕጣ የሚሸጠው ለዛ እኮ ነው፣ ቸኩሎ የሚፈልግ ሰው ለወጣለት ሰው የሆነ ብር ሰጥቶ ዕጣውን ይወስዳል፣ ያ ብር ወለድ ነው፣ ስሙ ስላልተጠራ ነው። ስለዚህ አንቺ እቁብ ስትገቢ ቀድመሽ ማሽን ለመግዛት ከሆነ ዕጣ ገዝተሽም ቢሆን ቀድመሽ ውሰጂ፣ ማሽኑ ከወለዱ በላይ ካመጣ ማለት ነው። ዝም ብሎ ለማጠራቀም ከሆነ ግን የምትከፍይውን አውቀሽ ክፈይ፣ ባንክ በ7 በመቶ ማስቀመጥም በነዛ ዋጋ ከ30 በመቶ በላይ ይጨምር በነበረባቸው ዓመታት ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

ብድር ላይ አንድ ነገር ብቻ። የምትበደሩበት ገንዘብና የምትሸጡበት ገንዘብ አንድ ይሁን። በብር እየሸጣችሁ በዶላር ዕዳ አትያዙ። አቅራቢው ዕቃውን ውሰድ፣ በዓመት ክፈለኝ ሲል ደስ ይላል፣ ወለድ የለውም ይመስላል፣ በ57 ዕዳ ገብተው ከ100 በላይ የከፈሉ ሰዎች አሉ፣ ዕዳው በወራት ውስጥ እጥፍ ሆነባቸው። ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። ሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን በ2013 ለፈቃድ ብቻ 850 ሚሊየን ዶላር ከፈለ፣ ያኔ ዶላር 43 ብር አካባቢ ነበር፣ ስለዚህ የፈቃዱን ለማውጣት 36 ቢሊየን ብር ከምናምን ነበር መሰብሰብ ያለበት። ዛሬ በ130 ብቻ ብናሰላው ያው 850 ሚሊየን ዶላር ከ110 ቢሊየን ብር በላይ ነው። ደንበኛው ካርድ የሚሞላው በብር ነው፣ የታወሩ ዕቃ የሚመጣው በዶላር ነው። ከኋላው ቮዳኮም፣ ሱሚቶሞ፣ የእንግሊዝ መንግስት የኢንቨስትመንት ድርጅት ስላሉ መቆም ይችላል፣ ቀድሞ ገበያውን ከያዘውና ከ70 ሚሊየን በላይ ደንበኛ ካለው ኢትዮ ቴሌኮም ጋርም ለዓመታት መታገስ ይችላል። እናንተ ግን ከኋላችሁ ማን አለ? ይሄ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፣ ትልቅ ድርጅት የሚሸከመውን አደጋ ትንሽ ድርጅት መኮረጅ የለበትም ለማለት ነው።

ስለ ሼር ብዙ ሰው በወረቀት ጠይቆኛል። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 2017 ላይ 10 በመቶውን ለሕዝብ አቀረበ፣ 100 ሚሊየን ሼር፣ አንዱ በ300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 ሼር ማለትም 9,900 ብር። የተሸጠው 10.7 ሚሊየን ሼር ገደማ ነው፣ 3.2 ቢሊየን ብር፣ የገዛው ከ47 ሺህ ሰው በላይ። ሰው ገንዘብ ስለሌለው ነው ሲባል ሰማሁ፣ አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነው። በ300 ብር ሂሳብ ድርጅቱ በሙሉ 300 ቢሊየን ብር ተገመተ ማለት ነው። ብሄራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር የሚሰራበት የወለድ ምጣኔ 15 በመቶ በሆነበት ጊዜ ገንዘቡን የሚያስቀምጥ ሰው ከአንድ ሼር በዓመት 45 ብር ካላገኘ፣ ወይ ደግሞ ነገ ድርጅቱ ያድግልኛል ብሎ ካላመነ፣ ለምን ይገዛል? ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ስፈልግ ለማን ነው የምሸጠው የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው፣ መጀመሪያ የተመዘገበው ባንክ ወጋገን ነው፣ ማለትም ቴሌ ሼር መሸጥ ሲጀምር መውጫው በር ገና አልተከፈተም ነበር። መውጫ የሌለው ነገር ዋጋው ይቀንሳል፣ ነጋዴ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል፣ የማይሸጥ ዕቃ ርካሽ ቢሆንም አታነሱትም። ለናንተ ግን ይሄ ገበያ ትልቅ ነገር ነው፣ ዛሬ ቤት ካላስያዝክ የሚላችሁ ባንክ ብቻ ነው ያለው፣ ነገ ሂሳባችሁ ንጹህ ከሆነ ሼር ሸጣችሁ ካፒታል ማምጣት ይቻላል። ሂሳቡ ንጹህ ከሆነ ነው። ሁለት ዓይነት ደብተር ያለው ሰው እዛ በር ላይ ይመለሳል።

መጨረሻ ላይ የተጠየቅኩት፣ ምናልባትም ሁላችሁም ሆድ ውስጥ ያለው ጥያቄ፣ ታዲያ ብሩን ዕቃ ላይ ላሳርፈው ወይስ ባንክ ልተወው የሚል ነው። የኔ መልስ ዕቃው ይለያያል ነው። በሦስት ወር ውስጥ እንደሚሸጥ ካለፈው ሽያጫችሁ የምታውቁት፣ የማይበላሽ፣ ሞዴሉ የማይቀየር ዕቃ ከሆነ ያዙት፣ በደረሰኝ፣ በመጋዘን መዝገብ፣ በግልጽ፣ እየሸጣችሁ። ስልክ ከሆነ አትያዙ፣ ዶላሩ ቢጨምር እንኳን አዲስ ሞዴል ሲመጣ ዋጋው ይወድቃል። ከዛ ደግሞ የሁለት ወር ኪራይና ደሞዝ የሚሆን ብር ሁልጊዜ ካሽ ይቀመጥ፣ የዋጋ ንረቱ ይብላው፣ ምክንያቱም የቤት ኪራይ የሚጠይቃችሁ ሰውዬ ጎማ አይቀበልም፣ በዛ ቀን በግድ የሸጣችሁት ጎማ ደግሞ በዓመቱ ከሸጣችሁት ሁሉ ርካሹ ነው የሚሆነው።